ባትሪው የተነቀለ ቀን

ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሳዑዲ፣ ጂዛን ወደብ ላይ ከአሠሪዬ ጋር የእሱን አሮጌ የመዝናኛ ጀልባ ባትሪ እየቀየርን ነው። አሮጌውን ከነቀልን በኋላ ያመጣውን ሳየው የከባድ መኪና ባትሪ ነው። "ይሄ ሞተር ያስነሳል እንጂ ፓምፕ ሲያዞር አይውልም" አልኩት። "ያላ፣ ላስቀይረው" ብሎ አሮጌውንም አዲሱንም ጭኖ ሄደ።

ለካ ጀልባው ከሥሩ ውሃ ያስገባል! ውሃውን ሲተፋ የኖረው ፓምፕ ደግሞ የሚሠራው በነቀልነው ባትሪ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ልጮህ ከጀልባው ሆድ ብቅ አልኩ፤ ወደቡ ላይ የባሕር ጠባቂ ወታደር ቆሟል። እኔ ደግሞ የየመንን ጦርነት አቋርጬ በእግሬ የገባሁ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ወታደር ሳይ መደበቅ ለምዶብኛል። ተመልሼ ሞተሩ ጥግ ተወሸቅኩ። ውሃው ጉልበቴን አለፈ። ወታደሩ ጀልባው ሲያዘነብል አይቶ፣ "ውስጥ ሰው አለ?" ብሎ በዐረብኛ ጮኸ።

"የለም!" አልኩት።

ባልዲ ወረወረልኝ። "እንግዲያው ያ የሌለው ሰውዬ ውሃውን ይቅዳ!"

ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እኔው ላይ ነው። ስጨርስ ኢቃማ እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል። ውሃው እንዳያልቅ ዱዓ እያደረግኩ ቀዳሁ።