የአልማዝ ጭልፋ

ስሙኝማ! ጎረቤቴ አልማዝ ልጇ ተመርቃ ደገሰች። ማንጎና አናናስ ቆራርጣ ወይን ደፋችበትና «ፓንች ነው» አለች። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ ይዘጋጃልና፣ ወይን የሌለበትንም በሌላ ባልዲ አቅርባለች። ጎበዝ አልኩ። ዓይኔ ግን መች ያርፋል! ወይኑን የቀዳችበትን ጭልፋ ሳታጥብ እዚያኛው ባልዲ ከታ ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ለእትዬ ዘይነባ ቀዳችላት። እትዬ ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ «እንዳትቀምሺው!» ብዬ ጮህኩ።

አልማዝ አፈጠጠችብኝ። «ጠብታ ናት! ማን ያውቃል? ድግሴን አታበላሺ!»

ደሜ ፈላ። «እሷ ባታውቅ አንቺ አታውቂም?» ብዬ ጭልፋው የነካውን ባልዲ ደጅ ደፋሁት። እትዬ ዘይነባ ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ «አልማዝ፣ ውሃ እጠጣለሁ፤ ግን ራሴ ልቅዳው» አለቻት።