የይቅርታ ሻሽ

ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የከሳ ወጣት አጠገቡ ከተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ጋር ያወራል። በሌላ ጎኑ ወንድሙ ኮፍያውን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ታመህ ነበር እንዴ ልጄ?»

«ቢላቴ ቆላ ለሥራ ሄጄ ወባ ይዞኝ ተመለስኩ። ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ሆስፒታል አስተኙኝ።»

«ማን አስታመመህ?»

«እናቴ ነበረች። አጥሚት ስታመላልስ፣ አንድ ቀን ‹አልፈልግም፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ!› ብዬ ጮህኩባት። በዚያው ቀረች።»

«በሽታው ነው የተናገረው።»

«ወንድሜም እንደዚያ ይላል። ለጊፋታ በዓል ቅቤ እያነጠረች ነው ይለኛል። እኔ ግን መቀየሟን አውቃለሁ። ይኸው፣ ለይቅርታ ሻሽ ገዛሁላት።»

«ያምርባታል።»

ትንሽ እንደሄድን ወጣቱ ሻሹን እንደታቀፈ አንቀላፋ። ሴትዮዋ ከኮፍያው ሥር የተላጨውን የወንድሙን ራስ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናታችሁ መቼ አረፉ?»

«በጮኸባት ማግስት፣ ድንገት። ሳይጠነክር አይስማ ብለን ደበቅነው። ዛሬ መርዶውን ሊነግረው ዘመድ ቦዲቲ አጎታችን ቤት ተሰብስቧል።»

«ተቀይመውት ነበር?»

«ኧረ! ያን ቀን እየሳቀች ነው ቤት የገባችው። ‹ልጄ ዛሬ ተቆጣኝ፤ ጉልበት አግኝቷል፣ ዳነልኝ› አለችን።»

እኔም የምወርደው ቦዲቲ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ወጣቱን የምቀሰቅሰው እኔ መሆን ግን አልፈለግኩም።