የዘይነባ ክንድ

ከማዮ ወደ ሶባ በምንሄድበት ሃፍላ፣ በትንሿ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሁለት የወሎ ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ያወራሉ።

«የውሃ ጉድጓዱ ነገር እንዴት ሆነላችሁ?»

«ምን ይሆናል! የፈረሰውን የሕዝብ ሽንት ቤት መልሰው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሊሠሩት ነው።»

«እናንተ ሌላ ፕላን አውጥታችሁ አልነበር?»

«አውጥተን ነበር እንጂ! የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን፣ ሽንት ቤቱ ወደ ታች እንዲርቅ ወረቀት ላይ ስለን ሰጠናቸው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«መሐንዲሱ አይቶ ወደደው። ግን የለካነው በክንድ ነው። በሜትር ካልሆነ አልቀበልም አለ።»

«ድጋሚ አትለኩም?»

«ቦታው አሁን ለግንባታው ታጥሯል፣ ዘበኛው አያስገባም። መሐንዲሱም ‹የለካችውን ሴት አምጡና ክንዷን ልለካው፣ ወደ ሜትር እኔ እቀይረዋለሁ› አለን።»

«ወላሂ ደግ ሰው ነው። ማን ነበረች የለካችው?»

«ዘይነባ።»

«የኛዋ ዘይነባ? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ያላ፣ ውሰዷት!»

«አልሰማሽም እንዴ? ተቅማጡ ወሰዳት እኮ። ጁምዓ ቀበርናት።»

ክንዴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ እያየሁ፣ መውረጃዬን አለፍኩት።