የአያ አበጀ ብርብራና የገነት መንጠቆ

አያ አበጀ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ማዕድ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንደ ጎረሱ ተነሥተው በሬዎቻቸውን ያያሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንኳ መቋሚያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዛውሩ ቅዳሴው ያልቃል። የዚያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን ብሶባቸው ነበር። ስልቻ በትከሻቸው አንግተው፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የመስኖ ግድብ ቁልቁል ይገሰግሳሉ፤ ጥቂት ይሄዱና ሰው እንዳያያቸው ዞር ብለው ያያሉ፤ ደግሞ ይገሰግሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር የሚካኤል ማኅበር በጎረቤታቸው በዋሴ ቤት ሲጠጣ ቀኑ ረቡዕ ውሎ ሽሮ ቀረበ። አያ አበጀም ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ «የእኔ ተራ ሲደርስ እኮ ለያንዳንዳችሁ አንዳንድ ዓሣ ነው የማቀርብላችሁ!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ዋሴ «ዓሣው ሰምቷል ወይ?» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። አሁን ተራው ደርሷል፤ ማኅበሩ ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ ነው። ዓሣ በጾም ቀን ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። እኛ ሰፈር ክርክሩ የሚነሣው ዓሣው የጠፋ ቀን ብቻ ነው።

አያ አበጀ መንጠቆ ይዘው ግድቡ ዘንድ ተመላልሰዋል። ያገኙት አንዲት እንቁራሪት ነው፤ እሷም ብትሆን ራሷ ወድዳ የገባች ትመስላለች። ስለዚህ የዋሴ ሳቅ እንቅልፍ ሲነሣቸው፣ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው፣ ዱቄቱን በስልቻ ሞልተው ወረዱ። ብርብራ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣውን አስክሮ ያንሳፍፈዋል፤ ከዚያ በኋላ መልቀም ብቻ ነው።

የግድቡ ዳር ላይ ሲደርሱ ግን ቄጠማው መሐል አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የወይዘሮ የሺ ልጅ ገነት ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ እርባታ ተምራ፣ ሥራ እስክታገኝ እናቷ ቤት የተመለሰች። በእጇ ቀጭን ዘንግ ይዛለች፤ አጠገቧ እጀታ ያለው ትንሽ መረብ አለ። እንዳየቻቸው ብድግ አለች።

«እንዴት ዋሉ አያ አበጀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንች እንዴት ዋልሽ ልጄ? እናትሽ ደኅና ናት?» እያሉ ስልቻውን ወደ ጀርባቸው አዞሩት።

«ደኅና ናት። ምን ይዘው ነው?»

«ዘር ነው።»

«የምን ዘር?»

«የ… የሽምብራ።» ይህን ሲሉ ስልቻው ተነቃነቀና ብናኙ አፍንጫቸው ገባ፤ ሁለት ጊዜ አነጠሱ።

«ይማርዎት። ሽምብራ ግን አያስነጥስም፤ ብርብራ ነው አይደል?»

አያ አበጀ መዋሸት አይችሉበትም፤ ለመዋሸትም ትንሽ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። «ነው እንግዲህ! ምን አለበት? አባቶቻችን በዚሁ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ዓሣውም አላለቀም። ዛሬ ተማርን ያላችሁት መጥታችሁ ነው የምታስተምሩን?»

«አባቶቻችን አልተሳሳቱም፤ እነሱ ግን የሚነሰንሱት ወንዝ ላይ ነበር» አለች ገነት ዝግ ብላ። «ወንዝ ይሄዳል አያ አበጀ። ብርብራውን ይዞት ይወርዳል፤ ከላይ ደግሞ ሌላ ዓሣ ይመጣል። ይህ ግድብ ቆሞ የቀረ ውሃ ነው፤ ካርፕ የሚባለውን ይህን ዓሣም ሰው ነው አምጥቶ የጨመረው። ዛሬ ቢያልቅ ከየት ይመጣል? ብርብራ ትልቅ ትንሽ ብሎ አይመርጥም። ጣት የሚያህለውም፣ ዕንቁላል የቋጠረችውም አብረው ይንሳፈፋሉ። እርስዎ የቻሉትን ለቅመው ይሄዳሉ፤ የቀረው እዚሁ ይበሰብሳል።»

«ከብትስ ይገድላል?»

«ይገድላል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ዓሣ የበሰበሰበትን ውሃ በሬዎችዎ ሲጠጡ ቆመው ያያሉ?»

አያ አበጀ ስለ ልጆቻቸው ብታነሣ መልስ አያጡም ነበር፤ በሬዎቻቸውን ስታነሣ ግን አንጀታቸውን ነካቻቸው። ስልቻውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ መልሰው አነገቱት።

«ታዲያ ማኅበሩን ምን ላብላው? ዋሴን አታውቂውም አንች! ይህን ሰምቶ ዓመት ሙሉ ነው የሚስቅብኝ። መንጠቆውንም ሞክሬዋለሁ፤ የዚህ ግድብ ዓሣ መንጠቆ አያውቅም።»

«እስቲ መንጠቆዎን ያሳዩኝ።»

ከግድቡ ግንብ ሥር የደበቁትን ጎትተው አመጡ። የቤት ማገር የሚያህል የባሕር ዛፍ አጣና፣ ጆንያ የሚታሰርበት ወፍራም ገመድ፣ ጫፉ ላይ ከትልቅ ሚስማር አስቀጥቅጠው ያሠሩት ቆልማማ ብረት፣ ብረቱ ላይ የደረቀ የሥጋ ቁራጭ። ገነት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን በዓይኗ ወጣ።

«በዚህ እኮ አዞ ነው የሚያዘው።»

«ጠንካራ ነው! አይበጠስም!»

«አዎ አይበጠስም፤ የሚበጥሰው ሲገኝ አይደል? ካርፕ አዳኝ አውሬ አይደለም አያ አበጀ። እንደ ላም ነው፤ ጭቃው ላይ አጎንብሶ እየመጠመጠ ነው የሚውለው። ከንፈሩ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ የለውም፤ መፍጫው ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። አፉ የገባውን ቀመስ አድርጎ ካልጣመው ወዲያው ይተፋዋል። ይህን ሚስማር እንዴት አድርጎ ይጉረሰው?»

ከዚያ የራሷን እያነሣች አሳየቻቸው። መንጠቆዋ የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። «ትንሽ ናት ብለው አይናቋት፤ ጫፏ ግን መሳል አለበት። ጥፍርዎ ላይ ሲጎትቷት ከጫረች ደኅና ናት፤ ከተንሸራተተች ይሳሏት ወይም ይጣሏት። ክሩ ቀጭንና ውሃ ውስጥ የማይታይ ይሁን። ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ደርቆ ከተጎተተ ክሩ ይቃጠላል። ከመንጠቆው ከፍ ብላ ያለችው ከባድ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ምግቡን ወደ ጭቃው ታወርደዋለች። ላይ የምትንሳፈፈዋን ምልክት ደግሞ ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጬ ነው የሠራኋት።»

«ዘንጉስ? ይኸ ንፋስ የሚያጎነብሰው!»

«እሱ መጎንበሱ ነው ጥቅሙ። አጣና አይጎነብስም፤ ስለዚህ የዓሣው ጉልበት ሁሉ ከንፈሩ ላይ ያርፍና ቀድዶት ይሄዳል። የእኔን ዓይነት ዘንግ ባያገኙም ረጅም ሸምበቆ ይበቃል።»

«ሥጋውስ?»

«ሥጋውን ለራስዎ ያቆዩት፤ የፍስክ ቀን ይበሉታል። ለካርፕ የበቆሎ ንፍሮ ነው።»

«ንፍሮ!» አያ አበጀ ተሳለቁ። «ሰው ሞቶበታል እንዴ ዓሣው?»

«ለስለስ ብሎ የተቀቀለ ንፍሮ። ጥቂቱን አስቀድመው ይበትኑለታል፣ ሰፈሩን እንዲለምድ። አንዷን ፍሬ መንጠቆው ላይ ይሰካሉ። ከዚያ መጠበቅ ነው።»

«አንችስ እስካሁን ስንት ያዝሽ?»

ገነት ትንሽ አፈረች። «ዛሬ ገና ምንም።»

አያ አበጀ የዋሴን ሳቅ ተውሰው ሳቁ። «ይኸው! ዩኒቨርሲቲው!» ብለው የስልቻውን አፍ ለመፍታት እጃቸውን ሰደዱ።

ገነት ፊታቸው ቆመች። «ፀሐይ ያን ጋራ እስክትነካ ይታገሡኝ። ካልያዝን የልብዎን ያድርጉ፤ እኔም የማየውን ለቀበሌው እናገራለሁ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«በሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈልግም አያ አበጀ። ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ፤ መቀመጥ ከተባለ። ጫማቸውን አወለቁ፣ አራገፉ፣ አጠለቁ። ፀሐይዋን አዩ። ጠጠር አነሡ፤ ወደ ውሃው ሊወረውሩት ሲሉ ገነት ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸውና መልሰው አስቀመጡት።

«ያዘ?»

«አልያዘም።»

«አሁንስ?»

«አያ አበጀ፣ አጃ ዘርተው በነጋታው ማጭድ ይስላሉ?»

«አጃ ከማኅበር ጋር ቀጠሮ የለውም!»

የሰው ነገር እንዲህ ነው። አራት ጊዜ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ወራት ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚከርም ገበሬ፣ ውሃ ዳር ሲቀመጥ የአንድ አፍታ ትዕግሥት ያጥረዋል። ሥራ የሚመስለው እጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ጋራውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት የነጠላ ጫማዋ ቁራጭ አንድ ጊዜ ነቅነቅ፣ ሁለተኛ ነቅነቅ አለችና ስጥም አለች። ገነት ዘንጉን ቀና አደረገች፤ ዘንጉ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ ክሩ እያፏጨ ወደ መሐል ወጣ። ወደፊት ስትራመድ ግን ዳሩ ከዳትና እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገባች።

«ይያዙልኝ!»

አያ አበጀ ዘለው ዘንጉን ያዙ፤ ይዘውም ባለ በሌለ ኃይላቸው ወደ ኋላ ጎተቱ። ዘንጉ ጮኸ።

«አይጎትቱት! ከንፈሩ ይቀደዳል!»

«ሊያመልጠኝ እኮ ነው!»

«ይሂድ! ጥቂት ይሂድልዎት!»

እጃቸው ላይ ያ የማይታይ ጉልበት ወዲያና ወዲህ ሲወራጭ፣ አያ አበጀ ድንገት ነገሩ የሚያውቁት ነገር ሆነባቸው። ወይፈን ነው! ቀንበር የማያውቅ ወይፈን ሲገራ ገመዱን አክርረው ከያዙት አንገቱን ይሰብራል ወይም ገመዱን በጥሶ ይሄዳል። ሲሮጥ ላላ፣ ሲደክመው ሰብሰብ ነው። ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በእስቴ ማን አለ? እጃቸው ራሱ ላላ። ዓሣው ሮጠ፤ ተከተሉት። ቆመ፤ ክሩን ሰበሰቡ። ደግሞ ሮጠ፤ ደግሞ ለቀቁለት። «ና የኔ ጌታ፣ ቀስ፣ ቀስ…» ይሉታል፣ ልክ በሬ እንደሚያባብሉ። ገነት ከጭቃው ወጥታ መረቧን ከሥሩ አስገባችለትና ክንድ የሚያህል፣ ሆዱ ወርቅማ ካርፕ ሣሩ ላይ ተዘረጋ።

አያ አበጀ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ሌላ! ሌላ ንፍሮ አምጭ!» አሉ።

ሁለተኛው ወዲያው ያዘ፤ ግን መዳፍ የማይሞላ ነበር። ገነት እጇን ውሃ ነክራ፣ መንጠቆዋን በቀስታ አውጥታ መልሳ ለቀቀችው።

«አብደሻል እንዴ? የማኅበሬን ዓሣ!»

«ጥጃ ያርዳሉ አያ አበጀ?»

አያ አበጀ ስልቻውን አንሥተው ከውሃው ራቅ ወዳለው ጠፍ መሬት ሄዱ፤ በዱላቸው ጫፍ ቆፈሩ፤ ብርብራውን ቀበሩት፤ በላዩም ድንጋይ ጫኑበት። ሲመለሱ «ለነገ መንጠቆ ታበድሪኛለሽ?» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ገና ጤዛው ሳይረግፍ አያ አበጀ ሸምበቆ እየመለመሉ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ ድስቱን እያማሰሉ «ለእኔ እንግዳ ሲመጣ ንፍሮ ሲከለከል፣ ለዓሣ ግን ይቀቀላል?» ብለው አጉረመረሙ። ቀትር ላይ ምን እንደዋጣቸው ለማየት ቢወርዱ ባላቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዝም ብለው። ወይዘሮ ደጊቱ ደነገጡ። «ምነው? አመመህ እንዴ?» አሉና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ለኩ።

ዓርብ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጸበል ጻዲቁ ተባርኮ ወጡ ቀረበ። የዓሣ ወጥ ነው፤ ግን ለያንዳንዱ አንዳንድ ዓሣ አልነበረም፤ ለያንዳንዱ አንዳንድ ቁራጭ ነበር። አያ አበጀ ይህ ሰዓት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ዋሴም ጊዜ አላባከነም።

«አበጀ! አንዳንድ ዓሣ ነበር ያልከን። ጭራው ደረሰኝ፤ ራሱ ለማን ደረሰ?»

ቤቱ ሳቀ። አያ አበጀ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጆሯቸው ቀልቷል።

«ሳቁ፤ እውነት ነው፤ ያልኩትን አላሟላሁም። ማሟላት እችል ነበር። ረቡዕ ዕለት የተወቀጠ ብርብራ ይዤ ግድቡ ዳር ቆሜያለሁ። ብነሰንሰው ኖሮ ዛሬ ጠግባችሁ ትበሉ ነበር። ለከርሞ ግን ዋሴ ሲደግስ፣ ሌላው ሲደግስ ከየት ይመጣል? የበሬዎቻችን ውሃስ? የየሺ ልጅ ገነት ናት የመለሰችኝ። ያመጣሁትን አመጣሁ፤ በዘንግ የተያዘ ነው፤ ግልገሉ እዚያው አለ፤ እናቲቱም እዚያው አለች። ልጆቻችሁ ሲያምራቸው ወርዳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ሲተርፍ ገበያ ይወጣል። ሲበረክት መረብ በጋራ እንገዛለን። ይኸው ነው። አሁን ሳቁ።»

አልሳቁም። ማዕዱን የባረኩት ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጢማቸውን አሻሹና «አበጀ፣ እኔም ቤት ባለፈው ዓመት የተለቀመ ብርብራ አለ፤ ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ እንዲህ ካሉ ሌላው ምን ይላል? እዚያው ማዕዱ ላይ ተስማሙ። ግድቡ ውስጥ ብርብራ የሚነሰንስ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ትንሹና ዕንቁላል የያዘችው ይለቀቃሉ፤ ገነትም በየቅዳሜው ወርዳ አያያዙን ታሳያለች። ዋሴ ሁሉም መናገር እስኪያበቃ ጠበቀና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ሸምበቆው ርዝመቱ ምን ያህል ነው?» አለ።

ዓሣ ለገበሬ ደግ ጎረቤት ነው፤ መኖ አይጠይቅ፣ እረኛ አይፈልግ። የሚፈልገው በልክ የሚወስድ እጅ ነው። ለዚህም የተሳለች ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ የሚጎነብስ ዘንግና እፍኝ ንፍሮ ይበቃሉ።

እንግዶቹ መርቀው ሲወጡ ወይዘሮ ደጊቱ ለባለቤታቸው ማዕድ አቀረቡ። አስተናጋጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚበላው፤ የዓሣው ወጥ ደግሞ ድስቱ እስኪጠረግ አልቋል። ሽሮ ነበር የቀረው። አያ አበጀ ሁለት ጉርሻ ጎረሱና ብድግ አሉ፤ ሸምበቋቸውን ከግድግዳው አነሡ።

«ወዴት ነው ደግሞ ሳትበላ?» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ።

«ሰው ሁሉ ጣፈጠ አለ እኮ! እስቲ እኔም ልቅመሰው።»