ምራቲቱና ብስክሌቷ

ካፊያው ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ ለሳላቸው መድኃኒት ሊወስዱ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ጃንጥላቸውን ወደ ነፋሱ አዘንብለው ጥግ ጥጉን ይዘው ሲመለሱ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ አገኛለሁ ብለው ያላሰቡትን ሰው አዩ። ምራታቸው ከአንድ የብስክሌት መሸጫ መስታወት ፊት ቆማለች። ጃንጥላ አልያዘችም፤ ጸጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ይህን ጊዜ ከከተማው ማዶ ባለው የመነጽር መሥሪያ ቤት ተቀምጣ መስታወት መሞረድ ነበረባት።

ይህች ሴት የሟች ልጃቸው ሚስት ናት። አንድያ ልጃቸው በኩላሊት ሕመም ማቅቆ ካለፈ ወዲህ፣ ሁለቱ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። ያገናኛቸው ሰው አፈር ገብቷል፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ልጅ አልተወለደም። ቢሆንም እሷ «ልሂድ» አላለችም፣ እሳቸውም «ሂጂ» አላሉም። ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ እሱን ላለማንሳት ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ከዚያ በየበራቸው ይገባሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አሏት ቀስ ብለው።

ደንገጥ ብላ ዘወር አለች። «ሥራማ አለ አባባ። አርፍጄ ደረስኩና መለሱኝ።»

ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው። ድልድዩ ለጥገና ከተዘጋ ጀምሮ አውቶቡሱ ከተማውን ዞሮ ነው የሚሄደው። ገና ሳይነጋ ወጥታ ትሰለፋለች፤ የመጀመሪያው ሞልቶ ያልፋል፣ ሁለተኛው ይቀራል፣ ሦስተኛው ላይ ተንጠልጥላ ስትደርስ ሰው ሁሉ ሥራ ጀምሯል። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ዛሬ ግን ወንበር ስቦ አስቀምጧት፣ ይህን ሥራ መቀጠል ትችል እንደሆነ ቤቷ ሄዳ እንድታስብበት ነግሯታል። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ብስክሌት ልገዛ አስቤ ነው።»

ሽማግሌው ጃንጥላውን ወደ እሷ አስጠግተው መራመድ ጀመሩ። ደረጃቸው ሥር ሲደርሱ ነው የተናገሩት።

«የሟች ልጄ ሚስት በአደባባይ ፔዳል ስትረግጥ ሰው ምን ይላል? አንቺ ልጅ አይደለሽ፣ እኔም የተከበርኩ ሰው ነኝ።»

«ሰውማ አሁንም ይላል አባባ። ባሏ ሞቶ ሳለ ከአማቷ ቤት ምን ትሠራለች ይላል። ይህን ሰምቼ ያልወጣሁ ሴት ለብስክሌት የሚባለውን እፈራለሁ?»

ይህን ወሬ እሳቸውም ሰምተውት ነበር፤ እሷ መስማቷን ግን አላወቁም። ደረጃውን መውጣት ጀመሩ፤ መሐል ላይ ሳላቸው ተነሳና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

እዚህ ላይ ለሽማግሌው እንፍረድላቸው። ነውር ነው የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ልብስ የለበሰ ፍርሃት ነው። እሳቸው በእውነት የፈሩት ሌላ ነገር ነበር፤ ያንን የነገሯት በማግስቱ ነው። በዚህ ዓመት አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፣ ሌላ ለመቅበር ጉልበት የለኝም አሏት። መኪናው አያይሽም፣ አስፋልቱ ያዳልጣል፣ አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ወዲህ አልነዳሽም። በዚያ ላይ የባልሽ ሕክምና ቤቱን አራቁቶታል፤ የተረፈችንን ብረት ላይ ልትጥያት ነው?

ምራቲቱ አልተቆጣችም። የተማረች ናት፤ ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ትወዳለች። ፍርሃቱ የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አመነች። ለወራት ስትጠይቅና ስታነብ መክረሟንም ነገረቻቸው፤ ከሥራ ባልደረቦቿ መካከል በብስክሌት የሚመጡ ነበሩና የገዙትንም የተጸጸቱበትንም ጠይቃቸዋለች። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ከመፍረድዎ በፊት ቢያንስ ይዩት። ቅዳሜ አብረን እንሂድ። አይተው እንቢ ካሉ እንነጋገራለን።»

እሺ አሉ። ልባቸው ግን ነገሩን እዚያው ሊያከሽፈው ነበር የሄደው።

ሱቁ ጠባብና ጨለማ ነው፤ የጎማና የዘይት ሽታ አለው። ባለሱቋ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ገና ሲገቡ አንድ ወፍራም፣ ቀይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ብስክሌት ጎትታ አቀረበችላቸው። ቀያሹ መሪውን ይዘው ነቅነቅ አደረጉትና ሳያስቡት ወደዱት። «ይሄ ዕቃ ነው» አሉ። «ክብደት አለው፣ ይበረክታል። መግዛት ካልቀረ እንዲህ ያለውን ነው።»

«እስቲ ያንሱት አባባ።»

ሊያነሱት ሞከሩ፤ ከጉልበታቸው አላለፈም።

«እኛ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው ያለነው» አለች ምራቲቱ። «ማታ ደክሞኝ ስመጣ ይሄን ተሸክሜ ነው የምወጣው። ሞላው ለድንጋይና ለጫካ መንገድ ሲሆን ጥሩ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ ያለ ሞላ ግን ክብደት ከመጨመር በቀር አይጠቅምም፤ የምረግጠውን ጉልበት እሱ ይበላዋል። የኔ መንገድ አስፋልት ነው።»

ባለሱቋ ይህን ስትሰማ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞረች። ከግድግዳው ላይ እንደ ላባ የቀለለ የእሽቅድድም ብስክሌት አወረደች፤ ጎማው ከአውራ ጣት አይወፍርም። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው አነሱትና ተገረሙ። ዋጋውን ሲሰሙ ግን እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ ብለው መለሱት።

«እሱም ለኔ አይሆንም» አለች። «ቢረክስም አልገዛውም። ጎማው ቀጭን ስለሆነ እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ነው የምታርፈው። ፓራፋንጎ ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው ጀርባዬ ላይ ይወጣል። ዕቃ መጫኛም አይቀበልም። እሱ የተሠራው ለመቅደም ነው፤ እኔ የምፈልገው በሰዓቱ መድረስ ነው።»

ዓይኗን የጣለችው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ጥግ ላይ የቆመ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ግራጫ ብስክሌት። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ከቀዩ ብዙ ይቀላል፣ ከላባው ትንሽ ይከብዳል። ጎማው መካከለኛ ነው። ፓራፋንጎና መጫኛ የሚታሰርበት ቦታ አለው። ማርሹ ብዙ አይደለም፤ ግን ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አለው፣ ዋናውም እሱ ነው አለች። ብዙ ማርሽ ያለው ርካሽ ብስክሌት ቶሎ ይበላሻል፤ ጥቂት ደህና ማርሽ ይሻላል። ፍሬኑን ጨብጣ ወደፊት ገፋችው፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ይህን ሳላይ አልገዛም አለች።

ቀያሹ የመጨረሻ መከራከሪያቸውን አነሱ። ዋጋው አንድ ከሆነ ትልቁን ቁመት ውሰጂ አሉ፤ ትልቅ ነገር መቼም አይከስርም። ምራቲቱ ያን ጊዜ ፈገግ አለች። እሳቸው ይህን ፊት ካዩት ቆይተው ነበር።

«እኔ እኮ ከእንግዲህ አላድግም አባባ። ብስክሌት እንደ ጫማ ነው። በትልቁ ላይ ከተቀመጥኩ መሪውን ለመያዝ እንጠራራለሁ፤ ስቆም እግሬ መሬት አይደርስም። መውደቅ የሚመጣው ያኔ ነው። ይዩት፣ ከላይኛው ብረት ግራና ቀኝ ቆሜ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይዘዋል።»

የቆጠበችውን ሁሉ ብስክሌቱ ላይ እንደማታውልም ነገረቻቸው። ሄልሜት አለ፣ የፊትና የኋላ መብራት አለ፣ ጠንካራ ቁልፍ አለ፤ እነዚህ የሌሉት ብስክሌት ርካሽ ሳይሆን ያላለቀ ብስክሌት ነው። ዋጋውን ከእነዚህ ጋር አስባ ነው ግራጫውን የመረጠችው።

ሽማግሌው ሊያከሽፉ መጥተው የሚያከሽፉበት አጡ። ልባቸው ግን አልተመለሰም። ባለሱቋ እስከ እሁድ ማታ መሞከር ትችላላችሁ ስትላቸው መታወቂያቸውን አስይዘው ወጡ፤ መንገዱን ራሴ ሳላየው እሺ አልልም ብለው ነበርና።

እሁድ ጠዋት ጉም ነበር። ምራቲቱ ያገኘችው መንገድ ከአውራ ጎዳናው ጋር አይገናኝም፤ ባቡር ካቆመ ብዙ ዘመን በሆነው ሐዲድ ጎን ለጎን ሄዶ፣ ከተዘጋው ድልድይ በታች ባለች የእግረኛ መሸጋገሪያ ወንዙን ያቋርጣል። ሰው እምብዛም የለበትም፤ ግራና ቀኙ የተዘጉ መጋዘኖች ናቸው። ቀያሹ እየተራመዱ የመሬቱን አወራረድ በዓይናቸው ለኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ነውና ዳገቱ ካሰቡት በታች መሆኑን ወዲያው አወቁ፤ አልነገሯትም እንጂ። ምራቲቱ በዝግታ ከፊታቸው ትነዳለች፣ ትጠብቃቸዋለች፣ ደግሞ ትነዳለች።

ሐዲዱ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ወደቀች።

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ጥለው ሮጡ። ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆርጧል፣ ሳሉም አላስተነፍስ ብሏቸዋል፤ ከሁለቱ የተጎዱት እሳቸው ይመስሉ ነበር። እሷ ክርኗ ተልጧል፣ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ከዚያ ሌላ ደህና ናት።

«በቃ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ይመለስ። ዛሬውኑ ይመለስ።»

ምራቲቱ ከእርጥቡ መሬት አልተነሳችም።

«ያልነገርኩዎት ነገር አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ክፍል ተከራይታለች። አብረን እንኑር ካለችኝ ሰንብታለች። ብስክሌቱ ከቀረ የምሄደው ወደዚያ ነው። ሥራዬን ማጣት አልችልም።»

ቀያሹ አጠገቧ ያለው የሐዲድ እንጨት ላይ ቁጭ አሉ። ቤታቸው ታያቸው፤ ከሁለቱ በሮች አንዱ ብቻ የሚከፈትበት ቤት። ማታ ለማን ስለ አየሩ ያወራሉ?

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ስለ ብስክሌቱ እንዲያስቡ እንጂ ብቻዬን እቀራለሁ ብለው እንዲፈሩ አልፈለግሁም። ፈርተው እሺ ቢሉኝ እሺታው ምን ያደርግልኛል?»

«አሁንስ ለምን ነገርሽኝ?»

«እኔም መሄድ ስለማልፈልግ ነው» አለችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እዚያ ብሄድ ስሙን የምጠራለት ሰው የለኝም።»

ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሱ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ጉሙ ከመጋዘኖቹ ጣራ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሁለቱም አዩት። ከዚያ ቀያሹ ተነሱ፤ ጎንበስ ብለው እርጥቡን ብረት በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጎማው የተንሸራተተበትን መስመር ተከተሉ።

«የወደቅሽው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሐዲዱን በሰያፍ ስላቋረጥሽው ነው። ጎማው ከብረቱ ጎን ለጎን ሲሆን ይንሸራተታል። ቀጥ አድርገሽ ተሻገሪው፤ ፍሬንም አትያዢ። እስቲ ደግሞ ሞክሪ።»

ተነሳች፤ ሞከረች፤ ተሻገረች። መልሰው መላልሰው አሻገሯት፤ እስኪበቃቸው ድረስ ሳይሆን እሷ እስኪደክማት ድረስ። ማታ ወደ ሱቁ ሲመለሱ መታወቂያቸውን የተቀበሉት ብስክሌቱን መልሰው ሳይሆን ሒሳቡን ከፍለው ነው። ፓራፋንጎውን ከሳቸው ኪስ ጨመሩበት።

እነሆ ከዚያ ወዲህ የሆነው ይህ ነው። ምራቲቱ አልፎ አልፎ ዝናብ ከባሰ በስተቀር አርፍዳ አታውቅም፤ አለቃዋም ያን ጉዳይ ሁለተኛ አላነሳም። ለአውቶቡስ የሚወጣው ገንዘብ ቤት ይቀራል። ማታ የምትደርሰው ገና ሳይጨልም ነው። እንቅልፍ ርቋት የነበረች ሴት ራት እንደበላች ትተኛለች፤ ሲነጋ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አይታይም። ሐዘኑ አልሄደም፤ ሐዘን በብስክሌት አይሸሽም። ግን አሁን ራት ላይ የሟቹን ስም ይጠሩታል፤ አንዳንዴ እሱ ያወራው ቀልድ ይነሳና ሁለቱም ሊስቁ ይቃጣቸዋል።

አንድ ቀን ከታች ያለችው ጎረቤት ደረጃ ላይ አገኘቻቸውና በሽሙጥ ጠየቀቻቸው፤ እርስዎን የሚያህል ሰው ምራትዎን እንዴት በብስክሌት ይለቃሉ አለች። ሽማግሌው በትሕትና ቆመው አስረዷት። ልጅሽም አንድ ቀን ለሥራ ብስክሌት ከፈለገች ውዱንም ብልጭልጩንም አትግዢላት አሉ። በቁመቷ ልክ የሆነ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ደረጃ ላይ ተሸክማ የምትወጣው ይበቃታል፤ ለሄልሜትና ለመብራት የሚሆን ደግሞ ከዋጋው ላይ አስቀሪ። መንገዱን አስቀድማችሁ በእግር ሂዱበት። እርጥብ ብረት ካለ ቀጥ ብላ ትሻገረው።

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሁን። ግን ምራትዎ ገና ወጣት ናት። ነገ አግብታ ስትሄድስ? ያኔ በገዛ እጄ አስኬድኳት አይሉም?»

ቀያሹ ይህን እሳቸውም አስበውበት ነበር፤ ብዙ ሌሊት አስበውበታል።

«ትሄዳለች» አሉ። «መሄድም አለባት። ግን እስካሁን የሄደብኝ ሰው ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ አልነበረውም። እሷ አላት።»

ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ተሰናበቷትና የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየመሐሉ እያረፉ፣ እሷ ከሥራ እስክትመለስ ባዶ ወደሆነው ቤት ወጡ።