ወደ አባቷ ቤት ሊመልሳት

በደርግ ጊዜ ነው። ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነስቶ ዱራሜ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ። ከፊቴ ወጣት ባልና ሚስት፣ ከጎናቸው ደግሞ ሸምገል ያሉ እናት ተቀምጠዋል።

«ዘመድ ልትጠይቁ ነው?» አሉ እናትየዋ።

«አይ እማማ፣ ዳምቦያ አባቷ ቤት ልመልሳት ነው» አለ ባል።

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልወለድንም። ቤተሰቦቼ ይሄ ትዳር አይደለም፣ ሌላ አግባ አሉኝ።»

«አንቺስ ልጄ፣ ምን አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሚስት።

«እኔንም በልጅነቴ አልወለድሽም ብለው እንዲሁ መልሰውኝ ነበር» አሉ እናትየዋ። «ያ የመለሰኝ ባሌ ከእኔ በኋላ ሁለት አገባ።»

«ወለዱለት?» አለ ባል ፈጠን ብሎ።

«አንዷም አልወለደችለትም። እኔ ግን ሌላ አግብቼ አምስት ወለድኩ።»

ባል ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሐኪም ቤት ብንሄድስ?»

«እኔ ሄጃለሁ።»

«መቼ?»

«አምና። አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤተሰቦችህ ቢሰሙ የምታፍረው አንተ ነህ ብዬ።»

«ስለዚህ ዝም ብለሽ ልትመለሺ ነበር?»

«ምን ላድርግ?»

አውቶቡሱ ቀስ አለ። «የዳምቦያ ወራጅ አለ?» ብሎ ሾፌሩ ተጣራ።

«የለም! ንዳው!» አለ ባል።

እኔ ዳምቦያ ወራጅ ነበርኩ፣ ግን አፌን መክፈት አቃተኝ።