ጥምቀት በሰይጣን ቤት

(አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፲፮ ዓ.ም.፤ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ባሏ በኅዳር በሽታ የሞተባት ወይዘሮ እታፈራሁና የንስሐ አባቷ መምሬ ወልደየስ።)

መምሬ ወልደየስ፦ አይሆንም አልኩ እኮ። አንቺ የገባሽው አንሶ ሕፃኗን ይዘሽ ልትገቢ? አገሩ ስሙን ሰይጣን ቤት ያለው በከንቱ መሰለሽ?

እታፈራሁ፦ ስሙን ያወጡለት ያልገቡት ናቸው፣ አባቴ።

መምሬ ወልደየስ፦ ዝናብ መሆኑን ለማወቅ የግድ መበስበስ አለብኝ?

እታፈራሁ፦ እኔ በስብሼ ነው የመጣሁት። ውስጡ አግዳሚ ወንበርና የተወጠረ ነጭ ሸራ ነው። ፈረንጁ ከኋላ ሆኖ የሥዕል ማሳያ መኪናውን እጀታ ሲያዞረው ብርሃን ይወጣና ሸራው ላይ ሰው ይሄዳል። የዛሬ ስድስት ዓመቱ ጥምቀት ነው፤ ያኔ ጃንሜዳ ቆሞ ያነሳው። ታቦቱ አለ፣ ካህናቱ አሉ። ሰይጣን ታቦት ፊት ይቆማል እንዴ?

መምሬ ወልደየስ፦ የታቦት ጥላ ታቦት አይደለም። የባልሽም ጥላ ባልሽ አይደለም። የባሻ ዘውገን ተዝካር በልተን ጨርሰናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ይሉታል?

እታፈራሁ፦ ዋለ እንጂ። ዘውገ በሸራው ቀኝ በኩል ገባ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ አለፈ። የመጀመሪያ ቀን በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ሸራው ጠርዝ ደርሶ ሲጠፋብኝ ተነስቼ ከጀርባው ዞርኩ።

መምሬ ወልደየስ፦ ምን አገኘሽ?

እታፈራሁ፦ ግድግዳ።

መምሬ ወልደየስ፦ ታዲያ ያንን ግድግዳ ነው ለአምስት ዓመት ልጅ የምታሳዪያት? አባቷን አሳይተሽ መልሰሽ ልትቀብሪባት?

እታፈራሁ፦ እሷ መቼ ቀበረችው? ሲሞት ሆዴ ውስጥ ነበረች። እኔ አልቅሼ ወጥቶልኛል፤ እሷ የምታለቅስለት ፊት እንኳ የላትም። ባለፈው የጎረቤታችንን ባል እያሳየች «አባቴ እሱን ይመስላል?» አለችኝ። ሰውየው ቀይ ረጅም ነው። ዘውገ ጥቁር አጭር ነበር።

መምሬ ወልደየስ፦ ይህንኑ በቃል ንገሪያት። ላያስችል አይሰጥም፤ ትችለዋለች።

እታፈራሁ፦ አካሄዱን በቃል እንዴት አድርጌ? ፈረንጁ እሑድ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ነው።

መምሬ ወልደየስ፦ ብትገቢ ከቁርባን እከለክልሻለሁ። ቁርጡን ነገርኩሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ የሸሸሽውስ ጥፋትሽን ብታውቂው አይደል?

እታፈራሁ፦ በዚያ አይደለም።

መምሬ ወልደየስ፦ በምን ነው?

እታፈራሁ፦ ይተዉት፣ አባቴ።

መምሬ ወልደየስ፦ የንስሐ አባትሽ ነኝ። ከእኔ ምን ይደበቃል?

እታፈራሁ፦ እርስዎም አሉበት። ጽና ይዘው እያጠኑ ይመጣሉ። ጢምዎ ገና አልሸበተም።

መምሬ ወልደየስ፦ እኔ? እዚያ ቤት ውስጥ?

እታፈራሁ፦ ብቻዎን ቢሆኑ ምን ነበር... አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከጎንዎ ዲያቆን ክንፉ አለ።

መምሬ ወልደየስ፦ የትኛው ክንፉ?

እታፈራሁ፦ ልጅዎ። በዚያው ኅዳር የቀበሩት። ጥላ ይዞልዎ ይሄዳል። ፀሐዩ እንዳይመታዎ ጥላውን ወደ እርስዎ እያዘነበለ፣ የራሱ ፊት ፀሐይ ላይ ነው። ይህን በሆዴ ይዤ እንዴት ፊትዎ ልቁም?

መምሬ ወልደየስ፦ እኔስ? አየሁት?

እታፈራሁ፦ እርስዎ የሚያዩት ወደ ፊት ነበር።

መምሬ ወልደየስ፦ እናቱ ከቀብሩ ወዲህ ስሙን በአፏ አንስታው አታውቅም። ልብሱን አጥባ ታሰጣለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ቃል ግን አይወጣትም።

እታፈራሁ፦ ይቅር ይበሉኝ።

መምሬ ወልደየስ፦ እኔ ካህን ነኝ። እዚያ ደጅ አልቆምም።

እታፈራሁ፦ አውቃለሁ፣ አባቴ።

መምሬ ወልደየስ፦ ቅዳሜ ሕፃኗን ይዘሽ ስትሄጂ በቤቴ በኩል እለፊ። እናቱ ብቻዋን መንገዱን አታውቀውም።